ኩሬ የሚታደሰው ከዳገቱ ጀምሮ ነው፦ ስለ ደጋ የጋራ ኩሬዎችና ስለ ዓሦቻቸው የሚነገሩ ተረቶችና እውነታዎች

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንጭኒ የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚበቅልበት፣ የወተት ላምም በብዛት የሚረባበት ደጋማ ምድር ነው። በወረዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ በሁለት አቅጣጫ ይከፈላል፤ ከፊሉ በሙገር ወንዝ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ደግሞ በበርጋ ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል። እንዲህ ባለው የውኃ መለያያ ላይ የተቀመጠ የደጋ መንደር ከሚያፈስሰው ወንዝ ይልቅ የሚያቁረውን ውኃ ይቆጥባል፤ የጋራ ኩሬም፣ ማለትም የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለከብት፣ ለልብስ ማጠቢያና ለጓሮ አትክልት የሚያቆይ፣ ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሜትር የማይዘልቅ የውኃ አካል፣ ዋጋው ከፍ ያለ የሕዝብ ሀብት ነው። ዓሣ ሲጨመርበትም ለልጆች ምግብ፣ ሥራ ላጡ ወጣቶች ገቢ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ኩሬ በደለል ሲሞላና ዓሣው ሲመነምን፣ በመንደር ስብሰባም ሆነ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በቅድሚያ የሚነሡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኩሬውን መቆፈር፣ ሁለተኛው አዲስ የዓሣ ጫጩት አምጥቶ መጨመር። ሁለቱም በቦታቸው ትክክል ሲሆኑ ስሕተቱ ያለው በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ጥልቀት የለሽ ኩሬ ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው ከውኃው ውጭ፣ በሚያፈስስበት ዳገት ላይ፣ በውኃው ውስጥም ቢሆን ሰው በማያይበት በሌሊቱ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የሚታዩት የተለመዱ እምነቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመርሳት የመነጩ ናቸው።

«ኩሬው ከተቆፈረ ይታደሳል»

ቁፋሮ መሠረት የሌለው ሐሳብ አይደለም። ጥልቀት የሌለው ውኃ ቀን በፀሐይ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ሌሊት ደግሞ በደጋው ውርጭ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በኅዳርና በጥር መካከል ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ዓሣ የሚሸሸግበት ጥልቅ ስፍራ ያስፈልገዋል። በጋውን የሚያሻግር የውኃ ክምችትም ያለ ጥልቀት አይገኝም። ይሁን እንጂ ኩሬውን የሞላው ደለል፣ ማለትም ጎርፍ ከማሳ፣ ከመንገድ ዳርና ከተራቆተ ግጦሽ ጠርጎ ያመጣው ደቃቅ አፈር፣ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶና ለስልሶ የሚዘራው በሐምሌ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ ዝናቡ በሚበረታባቸው ሳምንታት አፈሩ እርቃኑን ይቆያል፤ መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈርም ውኃ ሲጠግብ ወደ ውስጥ ማስረጉን ስለሚያቆም የተረፈው ዝናብ በላዩ እየፈሰሰ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። በበጋ ብዙ ጉልበት ፈስሶበት የተቆፈረ ኩሬ በሁለትና በሦስት ክረምት ተመልሶ የሚደፈነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኩሬው በላይ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ እርከን ሲሠራና ቦረቦር ሲገታ፣ ወደ ኩሬው የሚፈስሰውን ዳገት ቀዳሚ ቢያደርግ ጉልበቱ እጥፍ ጥቅም ይሰጣል። በቦዮች ውስጥ በየርቀቱ የሚካብ ድንጋይ፣ ማለትም ክትር፣ የጎርፉን ፍጥነት ይሰብራል፤ በመግቢያው አፍ ላይ የሚቆፈር አነስተኛ የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ደግሞ ጎርፉ ወደ ኩሬው ከመዝለቁ በፊት ረግቶ ጭቃውን እንዲጥል ያደርገዋል። ይህ ማጥመጃ በየበጋው በአካፋ ይጠረጋል፤ የሚወጣውም አፈር ከማሳ የተሰረቀ ለም አፈር ስለሆነ ወደ ማሳ ተመልሶ ይበተናል። በማጥመጃውና በኩሬው መካከል ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ሣር ከተተወ፣ ማጥመጃው ያመለጠውን ደቃቅ ጭቃ ሣሩ ያስቀረዋል።

ቁፋሮው ራሱም ሁለት ጥንቃቄዎች ይሻል። የመጀመሪያው ውኃውን የያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። መረሬ ሲርስ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ኩሬውን የሚያቁረው ብዙውን ጊዜ ይኸው የሸክላ ወለል ነው፤ ወለሉን ዘልቆ ከሥሩ ያለው ኮረትማ ወይም የበሰበሰ ዐለት እስኪታይ ድረስ የቆፈረ ማኅበር ኩሬውን ሊያሰርገው ይችላል። ከቁፋሮ በፊት በደረቁ ወለል ላይ በሁለትና በሦስት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በማታ ውኃ ሞልቶ፣ በማግሥቱ ጠዋት ምን ያህል እንደጎደለ ማየት ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ወለሉን ሁሉ እኩል አለማጥለቅ ነው። በአማርኛ ቆሮሶ የሚባለው ቲላፒያ የሚራባው በጥልቁ ሳይሆን በዳር ነው፤ ወንዱ አንድ ሜትር በማይሞላ ውኃ ውስጥ ወለሉን በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎጆ ያበጃል፣ ሴቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ወደ አፏ መልሳ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ትሸከመዋለች፤ ከአፏ የወጡት ጫጩቶችም ሙቀትና መደበቂያ ፍለጋ በዳሩ ይሰበሰባሉ። ከኩሬው ስፋት ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ማጥለቅ፣ የቀረውን በዝግታ የሚያዘቀዝቅ ገር ዳር አድርጎ መተው ለዓሣው ሁለቱንም ይሰጠዋል።

የተፋሰሱ ጉዳይ ለትንንሽ ኩሬዎች ብቻ እንዳልሆነ ሐረማያ አሳይታለች። በምሥራቅ ሐረርጌ የነበረው ይህ ሐይቅ ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች የመጠጥ ውኃ ሲሰጥና ዓሣ ሲጠመድበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ደለል ጥልቀቱን ቀንሶት፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተተከለው የውኃ መሳቢያ ፓምፕ አሟጥጦት፣ ፀሐይ አትንኖት ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለሱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ሐይቅን ያህል ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ እንደሚችል ያዩ ሁሉ ስለ ዳገታቸው ቸል ሊሉ አይገባም።

«ውኃውን የጨረሱት ከብቶች ናቸው»

በበጋ መጨረሻ ኩሬው ሲጎድል ጣት የሚቀሰርበት በከብቱ ጥም ላይ ነው፤ ቀላል ስሌት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ኩሬ በቀን 4 ሚሊሜትር ውኃ ቢተን፣ በየቀኑ 10,000 ሊትር ወደ ሰማይ ይሄዳል። አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ፣ መቶ ከብት የሚወስደው 3,000 ሊትር ነው። ትነቱ ያለ ዝናብ ለስምንት ወራት ከቀጠለ ብቻውን አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ይወስዳል፤ በመስከረም መጨረሻ አንድ ሜትር ጥልቀት የነበረው ኩሬ በግንቦት ጭቃ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም።

ከብቱ ኩሬውን የሚጎዳው በአፉ ሳይሆን በእግሩና በእበቱ ነው። መንጋው በሁሉም አቅጣጫ ሲገባ ዳሩ ይፈራርሳል፣ የቆሮሶው ጎጆ ይረገጣል፣ ከወለሉ የተነሣው ጭቃ ብርሃን ይጋርዳል፣ በእያንዳንዱ የሰኮና ዱካ ውስጥም ትንሽ ውኃ ይቋጠራል፤ የዚህ የመጨረሻው ጣጣ ወደ ኋላ ይታያል። መፍትሔው ከብቱን ማባረር አይደለም፤ ኩሬው ከጥንት ጀምሮ የከብቱም ነው። ዙሪያውን በሕያው አጥር ከልሎ፣ በአንድ ወገን በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ መተው፣ ወይም አቅም ካለ ከግድቡ በታች በቧንቧ ውኃ የሚወርድበት ማጠጫ ገንዳ መሥራት ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

«ጥሩ ኩሬ ሣርና ቅጠል የሌለበት ንጹሕ ኩሬ ነው»

በዘመቻ የወጣ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ በውኃ ውስጥ ቆሞ ደንገሉን፣ ፊላውንና ቀጠማውን ከሥሩ ነቅሎ ሲጨርስ ኩሬው ለዓይን ያምራል። ለዓሣው ግን ቤቱ ፈርሷል። ሥር ሰድደው የሚበቅሉ የውኃ እፅዋት ጭቃውን አስረው ይይዛሉ፣ አልጌ ሊጠቀምበት የነበረውን ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይወስዳሉ፣ ለጫጩት መሸሸጊያ፣ ለሚበላቸው ነፍሳትም መኖሪያ ይሆናሉ። ማርተን ሼፈር የተባለው የኔዘርላንድስ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንዳብራሩት፣ ጥልቀት የለሽ ሐይቆች በሁለት ሁኔታዎች በአንዱ ይጸናሉ፤ አንዱ እፅዋት ያሉበት ጥርት ያለ ውኃ፣ ሌላው እፅዋት የሌሉበትና በአልጌ ወይም በጭቃ የደፈረሰ ውኃ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መውረድ ቀላል ሲሆን መመለሱ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ብርሃን ወደ ወለል ስለማይደርስ አዲስ ተክል አይበቅልም፣ ተክል ከሌለም ጭቃውን የሚያሳርፈው የለም።

ይህ ማለት እፅዋት ሁሉ ይተዉ ማለት አይደለም። ከውኃው ገጽ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ተሸፍኖ መቆየቱ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው በየጊዜው በማጭድ ይታጨዳል፣ የታጨደውም በዳር ተከምሮ በስብሶ ወደ ውኃው እንዳይመለስ ርቆ ለኮምፖስት ይውላል። ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘው ቀጠማ ከዚሁ ከረግረግ ዳር የሚመጣ በመሆኑ፣ ተራ ተይዞለት ቢታጨድ ኩሬውንም ያቃልላል፣ ለአጫጁም ጥቂት ገንዘብ ያስገኛል። አንድ ተክል ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በቆቃ ግድብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ፣ በጣናም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታወቀው እምቦጭ በትንሽ ኩሬ ላይ ሲታይ፣ ገና ጥቂት ሳለ እስከ ሥሩ ተለቅሞ ወጥቶ መድረቅ አለበት።

ከእፅዋቱ ጋር «ቆሻሻ» ተብሎ የሚወገደው ሌላው ነገር በውኃ ውስጥ የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ ነው። በቤኒን ሐይቆች ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አካጃ በሚባለው የቆየ ዘዴ ቅርንጫፎችን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አጥብቀው በመትከል ዓሣ ይሰበስባሉ፤ በባንግላዴሽ የተደረጉ ሙከራዎችም በኩሬ ወለል ላይ የተተከለ ቀርከሃ በላዩ የሚለብሰው ስስ የአልጌና የጥቃቅን ሕዋሳት ሽፋን ለዓሣ ምግብ እንደሚሆን አሳይተዋል። በእንጭኒ ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ቢሆንም፣ ቅጠሉን ይዞ ወደ ኩሬ የገባ ቅርንጫፍ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቅጠሉ የተመለመለ እንጨት ብቻ ይመረጣል፣ ችግኙም ብዙ ውኃ መጣጭ ስለሆነ በኩሬው አፋፍ አይተከልም።

«ዓሣው በአንድ ሌሊት ካለቀ መርዝ ተጨምሮበታል»

ከእነዚህ እምነቶች ሁሉ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ይህኛው ነው። ጥርጣሬው ከባዶ ሜዳ አልመጣም። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ሮተኖን የተባለው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር ዓሣውን አደንዝዞ እንደሚገድል በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በመርዝ ማጥመድም በሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም በትንንሽ ኩሬዎች ድንገት ለሚደርሰው እልቂት ዋነኛው ምክንያት ሰው ሳይሆን የኦክስጅን ማለቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን አልጌና የውኃ እፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ፣ ማለትም በብርሃን አስተጻምሮ፣ ኦክስጅን ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ ሌሊት ግን ይህ ይቆምና እፅዋቱ፣ ዓሦቹና በወለል ላይ ያለውን ብስባሽ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ሁሉም በአንድነት ያንኑ የተጠራቀመ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኦክስጅን በውኃው ውስጥ ዝቅተኛ የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰማዩ ለቀናት ደመና ከለበሰ ቀን የሚከማቸው ያንሳል፤ የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ እበትና ብስባሽ ይዞ ሲገባ ደግሞ ሌሊት የሚጠፋው ይበዛል። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚይዘው 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። የደጋ ዓሣ ሌሊቱን የሚጀምረው ከቆላው ባነሰ ስንቅ ነው፤ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ሲወርድም አብዛኛው ዓሣ ይጨነቃል።

ጥልቅ በሆኑት የቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ ተመራማሪዎች ያስተዋሉት የዚሁ ጉዳይ ሌላ ገጽታ ነው። በዚያ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ተለይቶ ይቆይና፣ በቀዝቃዛው የበጋ ወራት የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ዓሣም የሚሞተው ያን ጊዜ ነው።

ሬሳው የሚናገረው አለ፤ ነገር ግን በጠዋት ደርሶ ማየት ይጠይቃል። ኦክስጅን ያጣ ዓሣ ከንጋት በፊት ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር ሲቀላውጥ ይታያል፤ ከትንንሾቹ ይልቅ ትልልቆቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ ከጉንጩ በስተኋላ ባለው ልዩ አካል ከአየር በቀጥታ መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ቆሮሶው አልቆ አምባዛው ሲዋኝ ከተገኘ ጎረቤትን መክሰስ አያስፈልግም። በአንጻሩ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ፣ በቀትርም ቢሆን፣ እንቁራሪቱና ነፍሳቱ ጭምር ሲያልቁ መርዝ ወይም ከማሳ የታጠበ ፀረ ተባይ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ብቻ በብዙ መንደሮች ያለ ጥፋታቸው የታሙ ሰዎችን ስም ያድናል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ፍግ በበዛ ቁጥር ዓሣ ይወፍራል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ይዟል። ጥቂት ፍግ ፕላንክተን የሚባሉትን በውኃ ውስጥ ተንሳፋፊ የሆኑ ጥቃቅን ሕያዋን ያባዛል፣ ቆሮሶም እነርሱን ይመገባል፤ የበዛው ግን ከላይ የተነገረውን የሌሊት እልቂት ይጠራል። የወተት ላም በበዛበት አካባቢ ደግሞ ጎርፉ ራሱ ፍግ ይዞ ስለሚመጣ ተጨማሪ የሚፈልግ ኩሬ ጥቂት ነው። ክንድን ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ሰድዶ መዳፉ ከክርን በፊት ከዓይን ከጠፋ፣ ድፍርሱም ከጭቃ ሳይሆን ከአረንጓዴው አልጌ ከሆነ፣ አንድ አካፋ ፍግ እንኳ መጨመር የለበትም።

«ኩሬ ባለበት ወባ አለ»

ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባም። በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት፣ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸር በወባ የመያዝ መጠናቸው ሰባት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ በመሆኑ እንደ እንጭኒ ያሉ የደጋ ከተሞች ከዋናው ቀጠና ውጭ ናቸው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣውና የቢሾፍቱን አካባቢ ያካተተው ጥናት በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታ እንደሚወጣ ስላረጋገጠ፣ «ደጋ ነንና አይመለከተንም» ማለት አስተማማኝ አይደለም።

ስሕተቱ ያለው የወባ ትንኝ የምትራባበትን ቦታ በመለየት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ ትንሽና ጊዜያዊ የሆነውን ውኃ ነው፤ ዓሣ የሚመላለስበት ሰፊ ውኃ ሳይሆን በዳሩ ያለው በሰኮና የተረገጠ ጭቃ፣ የመኪና ጎማ ፈለግና ከግድብ ሥር የሚያዥ ረግረግ ናቸው መራቢያዋ። ዓሣ ያለበት ኩሬ እንዲያውም ትንኟን ሊቀንስ ይችላል። በኬንያ ኪሲ ደጋማ አካባቢ በተተዉ የዓሣ ኩሬዎች ቆሮሶ ተጨምሮ በተደረገ ሙከራ፣ ከ15 ሳምንት በኋላ የወባ ትንኝ እጮች ከ94 በመቶ በላይ ቀንሰው ተገኝተዋል። የከብት መውረጃውን ድንጋይ ማንጠፍ ስለዚህ ለዓሣውም ለሰውም ጤና የሚጠቅም ሥራ ነው።

«ረግረግ ባዶ መሬት ነው»

ኩሬን ለማስፋት ሲታሰብ ከጎኑ ያለውን ረግረግ መቆፈር ርካሽ መስሎ ይታያል። የአደአ በርጋ ሰው ግን ከማንም ይልቅ ይህን ደግሞ ደጋግሞ ሊያስብበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም የበርጋ ረግረጋማ ሜዳ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከሆኑት የአንዲት ወፍ መራቢያዎች አንዱ ነው። ሳሮትሩራ አይሬሲ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ይህች ክንፏ ላይ ነጭ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1997 በበርጋ መራባቷ የታወቀ ሲሆን፣ የምትመጣውም ሣሩና ውኃው በሚያድግበት በክረምቱ ወቅት ነው። በዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር ተመድባለች። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ለጥበቃዋ ሠርቷል። ወፊቱ ባትኖር እንኳ፣ ከኩሬ በላይ ያለ ረግረግ ጎርፉን አዘግይቶ፣ ደለሉን አስቀርቶ፣ በበጋ ጥቂት በጥቂት ውኃ የሚለቅ ያለ ክፍያ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። የሚቆፈር ኩሬ ሲኖር የነበረው ኩሬ ይቆፈር፤ ረግረጉ ባለበት ይቆይ።

«ጫጩት መጨመር ዓሣ ማብዛት ነው»

ዳገቱ ከታከመ፣ ዳሩ ከተከለለና ጥልቁ ስፍራ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቀረው የዓሣው ጉዳይ ነው፤ በዚህም ላይ ቁጥር ከዝርያ ይቀድማል የሚል እምነት አለ። ቆሮሶ በሞቀ ውኃ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ስለሚጀምር፣ አጥማጅ ወይም አዳኝ ዓሣ በሌለበት ኩሬ በቁጥር እየበዛ በአካል እየቀጨጨ ይሄዳል፤ በላዩ ሌላ ጫጩት መጨመር ረኃቡን ማባባስ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ያህል መኖ ለሚሰጥበት ኩሬ የተለመደ መጠን ሲሆን፣ በተፈጥሮ ምግብ ብቻ ለሚተዳደር የጋራ ኩሬ ከዚህም ያነሰ ይበቃል። ጥቂት አምባዛ መጨመር የትንንሾቹን ብዛት ይቆጣጠራል፤ አምባዛ ለመራባት የጎርፍ ውኃ የሚያጥለቀልቀው ሣራማ ዳር ስለሚፈልግ በረጋ ኩሬ ውስጥ እምብዛም አይባዛም፣ በመሆኑም ቁጥሩን ሰው ይወስነዋል።

የደጋው ብርድ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ቆሮሶ ለመራባት ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ይቀንሳል፣ ወደ 11 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል፤ ስለዚህ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ የሚታየውን ዕድገት ከእንጭኒ ኩሬ መጠበቅ አይገባም። ብርድ የሚችለው ካርፕ ነው የሚል ምክር በብዙ ቦታ ይሰማል፤ እውነትም በአውሮፓ በረዶ ከለበሰ ውኃ ሥር ይከርማል። ነገር ግን ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃውን በአፉ እየፈተሸ በመሆኑ ወለሉን ይገለብጣል፣ እፅዋቱን ይነቅላል፣ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ጥርት ያለ ውኃ እንዲመለስ በተደከመበት ኩሬ ካርፕ መልቀቅ የተሠራውን ማፍረስ ይሆናል። የተሻለው መንገድ ከኅዳር እስከ ጥር በንጋት የጥልቁን ውኃ ሙቀት በቴርሞሜትር ለክቶ መመዝገብና፣ በደጋ የቆየ ልምድ ካለው፣ በሰበታ ከሚገኘው የብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጋር ልኬቱን ይዞ መመካከር ነው። ጫጩትን ከሙገር አጥምዶ ወደ በርጋ ወገን፣ ወይም ከበርጋ ወደ ሙገር ወገን ማዛወር ደግሞ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ዓሦችና በሽታዎች ማደባለቅ ስለሆነ ጨርሶ አይመከርም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ባዕድ ዝርያ ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል።

ጫጩት የሚለቀቀው የክረምቱ ጎርፍ ረግቶ ውኃው ከጠራ በኋላ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ፣ ፀሐይ ጥቂት ካሞቀች በኋላ ረፋድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የመጣበት ፕላስቲክ ከረጢት እንደታሰረ ለግማሽ ሰዓት ያህል በኩሬው ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረግና፣ በውስጡ ያለው ውኃ ከኩሬው ሙቀት ጋር ሲቀራረብ ተፈትቶ ጥቂት በጥቂት የኩሬ ውኃ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያም ከረጢቱ አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ጫጩቶቹ ራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ መተው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማጥመድ ሲጀመርም መረቡ በጥልቁ ስፍራ ብቻ ይጣላል፤ በገሩ ዳር ላይ የቆሮሶ ጎጆዎች እስካሉ ድረስ ያ ወገን ለማንም አይፈቀድም፣ ለዚህም የመንደሩ ማኅበር በእንጨት ችካል ድንበሩን ያበጃል።